ዘንዶአችንን አትንኩብን

«ፊርማ? ለዘንዶ? ያውም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ?»

ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሉ የቤተ ክርስቲያኑን ቫን ቁልፍ እንደ ደወል ያቅጨለጭሉ ነበር። ጠቡ ከተጀመረ አሥር ደቂቃ አልፎታል። እኔ ራሴ የደረስኩት መሐሉ ላይ ነውና እናንተም ከዚሁ ግቡ፤ ብዙ አላመለጣችሁም። የአጎቴ ልጅ ናሆም የቫኑን በር ይዞ ቆሟል። ከኋላው ሰባት ልጆች ተሳፍረው፣ ቀበቶ አስረው፣ ሁለቱን እንደ ፊልም ያዩዋቸዋል።

«አንተ አልገባህም ጋሼ» አለ ናሆም። «ይሄ ሪል ዘንዶ አይደለም። ራይድ ነው። ላይክ፣ ብረትና ፕላስቲክ!»

«አንተ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

በቃ፣ አንዱ ጠብ ሁለት ሆነ። ናሆም ከአገር ቤት ወጥቶ ካልጋሪ ሲገባ የሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ለእሱ የሰው ልጅ ሁሉ «አንተ» ነው። «ትልቅ ሰው እርስዎ ይባላል» ብለን ብንመክረው እኔንም «እርስዎ» ማለት ጀመረና ተውነው። ያን ቀን ግን መልስ ነበረው።

«እግዚአብሔርን ራሱን አንተ እያልን እንጸልይ የለ? አንተ ከእሱ ትበልጣለህ?»

ከቫኑ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ደምሴ ከደረት ኪሳቸው ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ። አይዟችሁ፣ ሊወጉት አይደለም። እኚህ ሰው ሲናደዱ የሚያርሙት ነገር ይፈልጋሉ። አገር ቤት ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። እዚህ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳሉ፤ እስክሪብቷቸው ግን የማስተማር ሥራዋን አልለቀቀችም። የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ ያርማሉ። የልደት ካርድ ያርማሉ። አንድ ጊዜ ፎረስት ሎን በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአንድ ሥጋ ቤት በር ላይ የተለጠፈውን የአማርኛ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አርመው፣ ሥጋውን ረስተውት ቤታቸው ገብተዋል። ስህተት አይተው ማለፍ አይችሉም። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

ያን ቀን የሚታረም ወረቀት ስላልነበረ እስክሪብቷቸውን ናሆም ላይ ቀስረው፣ «ዘንዶ በቅዱስ መጽሐፍ የማን ምሳሌ ነው? ንገረኛ!» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ፌቨን? አንቺ እንኳ ጨዋ ነሽ። የዘንዶ ወገን ነሽ እንዴ አንቺም?»

እኔ ምን አልኩ? ምንም። ትከሻዬን ሰበቅሁና ቫኑ ውስጥ ገባሁ።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ ወደ ተራሮቹ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ መጫወቻ ፓርክ አለ። ትልቅ አይደለም። ግን አረንጓዴው ዘንዶ ያለው እዚያ ነው። ሐዲድ ላይ የሚሄድ ረጅም ባቡር በሉት። ራሱ የቤት በር ያህላል። የላይኛው የፊት ጥርሱ ተሰብሮ ስላልተጠገነ ፈገግ ያለ ይመስላል። ቀስ እያለ፣ ቋ ቋ ቋ እያለ ሽቅብ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ተራሮቹን በሙሉ ያሳያችኋል፤ ከዚያ ሆዳችሁን እላይ ትቶ እናንተን ብቻ ይዞ ይወርዳል!

እኛ አቢዴል ሰፈር የምንኖር አበሾች ከዚህ ዘንዶ ጋር ሥርዓት አለን። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። አዲስ ሰው ከአገር ቤት ሲመጣ፣ የመጀመሪያው በጋ ላይ ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ለሽርሽር ወደ ፓርኩ ስትሄድ፣ ዘንዶው አፍ ውስጥ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ፎቶው አገር ቤት ይላካል። የአባቴ ፎቶ አዲስ አበባ አክስቴ ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «ቪዛ ከሰጡት በኋላ በዚህ ነው የሚያሳልፉት» ትላለች አሉ። ያመናትም አለ።

እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ደግሞ ኦርቶዶክስ ናቸው። ፎቶውን መጀመሪያ ያዩ ዕለት አገላብጠው ካዩ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ፈረሰኛውስ?» አሉ። ዘንዶ ያለ ጊዮርጊስ ምኑ ያምራል ማለታቸው ነው። ፈረስና ፈረሰኛ በሞላበት የካውቦይ ከተማ አንድ ፈረስ መጨመር የፓርኩን ሰዎች እንዴት እንዳቃታቸው እስከ ዛሬ ይገርማቸዋል።

የእኔ ነገር ግን ከፎቶ ያልፋል። እኔ ድምፅ የለኝም። ሕመም አይደለም፤ ዓይን አፋር ነኝ። ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ እጄን አወጣለሁ እንጂ «አለሁ» አልልም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚጸልየው። ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። እኔ መሐላቸው ቆሜ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። እናቴ ከጎኔ ሆና ስትጸልይ በመሐል «ጌታ ሆይ፣ የዚህችን ልጅ አፍ ክፈት!» ስትል እሰማታለሁ። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ይነቅዛል። ጠይቁኝ።

ዘንዶው ላይ ግን እጮሃለሁ። የመጀመሪያው በጋ፣ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ከጫፉ ስንወርድ አንድ ሰው ከጎኔ አገር ይያዝ ብሎ ጮኸ። ማን ነው ብዬ ዞርኩ። ማንም የለም። እኔ ነኝ! እናቴ ከታች ሆና ሰምታኝ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩትን ጩኸት ይዤ ሄጄ እዚያ አራግፌ እመለሳለሁ። ሌላ ቦታ ሞክሬ ነበር። ትራስ ውስጥ፣ መኪና ማጠቢያ ውስጥ፣ ነፋስ ሲነፍስ መስክ ላይ። አይወጣም።

እንግዲህ ይህን ዘንዶ ነው ሊያነሡት ያሰቡት። ሐዲዱ ይቀራል፣ ዘንዶው ይሄዳል። ጊዜው የነዳጅ ዘመን ነበራ! ካልጋሪ ማለት ነዳጅ፣ ነዳጅ ማለት ካልጋሪ የሆነበት። ሰዉ ሁሉ ወደ ሰሜን ጉድጓድ ሊቆፍር ሄዶ የዶናት ሱቁ ሠራተኛ አጥቶ በቀትር ይዘጋል። በየበሩ «ሰው እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ፓርኩም ከዘመኑ ጋር ልሂድ አለ። የዘንዶው ራስ ይቆረጥና መሰርሰሪያ ይተከልለታል፤ ወንበሮቹ በርሜል ይሆናሉ፤ መጨረሻ ላይ ጥቁር ውኃ ሽቅብ ይፈነዳል። ስሙም «ጥቁር ወርቅ» ይባላል።

አባቴ ሰሜን ነው የሚሠራው። ሁለት ሳምንት እዚያ፣ አንድ ሳምንት ቤት። ወሬውን ስንነግረው ሶፋው ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ስለዚህ በዕረፍቴ ቲኬት ቆርጬ ሥራ ልግባ ነው የምትሉኝ?» አለ።

ከተማው ግን በሁለት ተከፈለ። ሬዲዮ ላይ ሰዎች እየደወሉ ያለቅሳሉ። አንዱ ሚስቱን ያጨው ዘንዶው ጫፍ ላይ ነው፤ «እሺ» ያለችው ቁልቁል ሲወርዱ ነውና እስካሁን ቃሉ እሺ ይሁን ጩኸት አልተረጋገጠም። ሌላው፣ «ይህን ከተማ ያበላው ነዳጅ ነው፤ ዘንዶ ምን አበላን?» ይላል። ናሆም እንቅልፍ አጣ። አንድ የፊርማ ማሰባሰቢያ ወረቀት በእንግሊዝኛ ጻፈ። «ዘንዶአችንን አትንኩብን» የሚል። ከላይ የዘንዶውን ሥዕል አደረገበት። ከጋሽ ደምሴ ጋር የተጣላውም ለዚሁ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ናሆም ወረቀቶቹን በሰሌዳ ላይ ቆንጥጦ አምጥቶ መውጫው ጋ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና እስክሪብቶ ሰጠኝ። «አንቺ እዚህ ቁሚ። ለሚወጣው ሰው ሁሉ፣ ዘንዶውን ለማዳን ፈርሙ በይ። ዛትስ ኢት። አንድ ሴንተንስ!» ብሎ ልጆቹን ሊያሰልፍ ሄደ።

አንድ ዓረፍተ ነገር። ምን ያህል ይከብዳል? ለእናንተ አይከብድ ይሆናል።

መጀመሪያ የወጡት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። እኔ አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ እስክሪብቶውን ዘረጋሁላቸው። እሳቸው ሥዕሉን አዩ። ይህን ልብ በሉ፤ በየዓመቱ ለሽርሽሩ ማን ምን ምግብ እንደሚያመጣ የሚጻፍበት ወረቀት የሚቀመጠው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከላዩም ዘንዶ ይሣልበታል። እትዬ ጥሩወርቅ ፈገግ አሉ። «ደረሰ እንዴ ዘንድሮም!» አሉና ስማቸውን ጽፈው፣ ከጎኑ «ድፎ ዳቦ፣ ሁለት» ብለው ጉንጬን ስመውኝ ሄዱ።

መናገር ነበረብኝ። አውቃለሁ! ግን ከኋላቸው ሰው ነበረ፣ ከዚያም ኋላ ሰው ነበረ። እያንዳንዱ ከላይ ያለውን አይቶ ጻፈ። ሰላጣ። የወረቀት ሳህን። ቆስጣ። እናቴም መጣች። ገጹ ሞላና ሁለተኛው ላይ ደረስን፤ እሱ ላይ ደግሞ ርዕስ እንኳ የለም፣ መስመር ብቻ ነው።

በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ ብቅ አሉ። ከሩቅ ሲያዩኝ ግንባራቸው ተቋጥሮ ነበር። ቀርበው ወረቀቱን ሲያነቡ ፈታ አሉ። «ተባረኪ!» አሉኝ። «ያ ልጅ ዘንዶውን ትቶ ወደ ምግቡ ተመለሰ ማለት ነው። ምክር የሚሰማ ልጅ ነው።» ቀዩን እስክሪብቷቸውን አውጥተው የሦስት ሰው ፊደል አረሙ። ከዚያ ከሥር በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ «ደምሴ። በረዶ፣ ሁለት ከረጢት» ብለው ጻፉ፤ ለመጠጡ ማቀዝቀዣ።

እኔስ? ፈገግ አልኩላቸው።

ናሆም ተመልሶ ወረቀቱን ሲያይ ሊበር ደረሰ። አማርኛ ማንበብ አይችልም። «ኦ ማይ ጋድ! ስልሳ ሰው! ኮሜንት ሁሉ ጽፈዋል! ቀዩ እስክሪብቶ! ጋሽ ደምሴ ራሱ ፈርሟል?» አለና አቀፈኝ። ደስታው እንዲያ ሲሆን እንዴት ልንገረው? ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ወረቀቱን ለፓርኩ አስገብቶ ነበር።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ፓርኩ የዘንዶውን ነገር ከሕዝቡ ጋር እንነጋገርበት ብሎ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጠራን። ቫኑን የሚነዱት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ከረባት አስረው መጡ። ናሆም ሲያያቸው ልቡ ተነካ። እሳቸው ግን የመጡት ፓርኩን ሊያመሰግኑ ነበር፤ ዘንዶውን ሊያነሡ ስላሰቡ! ግማሽ ገጽ ንግግር ጽፈው፣ አርመው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተውታል። አባቴ የዕረፍት ሳምንቱ ስለነበር እሱም መጣ፤ «ለዘንዶ ሲለቀስ አይቼ አላውቅም» ብሎ።

የፓርኩ ምግብ ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። እንዲህ ያለ ስብሰባ አላያችሁም! ግማሹ አረንጓዴ ለብሷል፣ ግማሹ ቢጫ የሥራ ቆብ አድርጓል። አንድ ሽማግሌ የተሰበረውን የዘንዶ ጥርስ ከኪሱ አወጣ፤ ለስንት ዓመት ደብቆት ኖሯል። ከጎረቤት ከተማ ከኤርድሪ የመጣች ግዙፍ ሴት ክንዷ ላይ ዘንዶውን ተነቅሳዋለች። «እሱን ከነካችሁት ክንዴን ቁረጡት!» ትላለች። ቢጫ ቆቦቹ «በርሜል! በርሜል!» እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። ሥራ አስኪያጇ መነጽሯን እየጠራረገች መሐል ቆማለች። ደስ ይላል! ሁሉም ይጮሃል። እኔ ብቻ ነኝ ዝም ያልኩት።

ከዚያ ሥራ አስኪያጇ አንድ ወረቀት ከፍ አደረገች። አወቅሁት።

«ብዙ ፊርማ ደርሶናል» አለች። «ይህ ግን ልቤን ነካው። ስልሳ ሰው ከስሙ ጎን የልቡን ጽፏል፤ እኛ ግን ማንበብ አልቻልንም። ከመወሰኔ በፊት ምን እንደሚሉ መስማት እፈልጋለሁ። የሚያነብልን አለ?»

ናሆም ክንዴን ይዞ አነሣኝ። «እሷ! ሺ ካን ሪድ ኢት!»

ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ያ ሁሉ ዓይን! የመጀመሪያውን መስመር አየሁ። ጥሩወርቅ። ድፎ ዳቦ፣ ሁለት። እውነቱን ብናገር ናሆም በሰው ፊት ይዋረዳል፣ ዘንዶው ይቆረጣል፣ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ እኖራለሁ። ዝም ብልስ? ዝም ብዬ አይደል እዚህ የደረስኩት!

«ዳቦ...» አልኩ በእንግሊዝኛ።

«ዳቦ?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ዘንዶው... ለልጆቼ እንደ ዳቦ ነው ይላሉ። አንድ ዓመት ቢያጡት ይርባቸዋል።»

«ኡ!» አለች ባለ ንቅሳቷ። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንድ ነገር ውስጤ ቋ ቋ ቋ እያለ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ሁለተኛውን አየሁ፤ «ሰላጣ፣ ሽንኩርት የሌለው» ይላል። «እኔ በቀላሉ የማላለቅስ ሰው ነኝ፤ ይህን ስሰማ ግን አለቀስኩ» አልኩ። «የወረቀት ሳህን፣ ሃምሳ» የሚለውን፣ «ሃምሳ ጊዜ ወጥቼበታለሁ፣ ሃምሳ አንደኛውን አትከልክሉኝ» አልኩት። ሰዉ ማጨብጨብ ጀመረ። ድምፄ እየጎላ ሄደ። የእናቴ ጋ ደረስኩ። እናቴ የጻፈችው፣ «ሩዝ በትልቁ ድስት። ድስቱ ይመለስልኝ!» ነው። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ በሙሉ ድምፄ፣ «የእኛ የሆነውን መልሱልን!» ብዬ ጮህኩ።

ቤቱ ተነሣ! አረንጓዴዎቹ ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ባለ ጥርሱ ሽማግሌ ጥርሱን እንደ ሰንደቅ ከፍ አደረገው። ካፍ ከወጣ አፋፍ አይደል የሚባለው? ከአፋፉ ወርጄ ነበር፤ ፍሬን የለም። አባቴን አየሁት። ከተቀመጠበት ሆኖ ወረቀቱን ባያየውም ሚስቱን ያውቃታል፤ ስለ ዘንዶ ዓረፍተ ነገር እንደማትጽፍ ያውቃል። ቆቡን ዓይኑ ላይ አውርዶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ያኔ ነው የመጨረሻው መስመር ላይ የደረስኩት። ደምሴ። በረዶ፣ ሁለት ከረጢት።

የዚህ መስመር ባለቤት ከፊት ወንበር ከረባታቸውን አስረው ተቀምጠዋል። አማርኛም እንግሊዝኛም ያውቃሉ። ወረቀቱንም ያውቁታል፤ ሦስት ፊደል አርመውበታል። ሁሉ ነገር እንደገባቸው ከፊታቸው አየሁ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አስተዋይ ሰው ቢሆን ያቆም ነበር። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ያለ ዘንዶው» አልኩ፣ «ልቤ በረዶ ይሆናል።»

«ማን ነው ይህን የጻፈው?» አለች ሥራ አስኪያጇ። ዓይኗ እንባ አቅሯል።

«ሂም!» አለ ናሆም በጣቱ እያሳየ። «ባለ ከረባቱ!»

ጭብጨባው ምግብ ቤቱን አናወጠው። ጋሽ ደምሴ ከወንበራቸው ተነሡ፤ እጃቸው ንግግራቸው ያለበት ኪስ ውስጥ ነበር። አፋቸውን ከፈቱ። ወደ እኔ አዩ። ምን እንዳዩ አላውቅም፤ ወረቀቱን እስከ አፍንጫዬ ከፍ አድርጌ ተሸሽጌበት ነበር። የኤርድሪዋ ሴት ከኋላ መጥታ ጥምጥም አለችባቸው። ከክንዷ ላይ ያለው ዘንዶ አገጫቸው ሥር ገባ። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ከኪሳቸው ባዶውን አወጡና ተቀመጡ።

ስንመለስ ቫኑን ሲነዱ ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሡም። ናሆም ግን ከኋላ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሌጀንድ ነህ!» አላቸው። ትልቅ ሰውን «እርስዎ» ሲል የመጀመሪያው ነበር። እሱን እንኳ አላረሙትም።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ዘንዶው ይቀራል! ቢጫ ቆቦቹም ቅር እንዳይላቸው ግን ራሱ ላይ ሃርድ ሃት ይደረግለታል። እንደ አባቴ ያለ፣ ቢጫ የሥራ ቆብ። አባቴ ደብዳቤውን ሰምቶ፣ «ጨረሱ በቃ» አለ። «በዚህ ከተማ ሥራ ሳይቀጠር የቀረው እሱ ብቻ ነበር።»

ቤቱ ሁሉ ደስታ ሆነ። እኔ ብቻ ገበታውን ትቼ ተነሣሁ። ሽማግሌ ሰው፣ ያውም አስተማሪ፣ በሰው ፊት የዘንዶ ወዳጅ አድርጌ አቆምኳቸው። በቤተ ክርስቲያን ሲያዩኝ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ ያልፋሉ። «ተባረኪ» የለ፣ «አንቺ ጨዋ» የለ። በሚቀጥለው እሑድ የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ጮኸ። እኔም ከንፈሬን ማንቀሳቀስ ጀመርኩ፣ እና ሳላስበው፣ «ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ!» የሚል ድምፅ ከጉሮሮዬ ወጣ። እናቴ አንድ ዓይኗን ገለጠች። እኔ ግን አላቆምኩም፤ የማላውቀው ጩኸት ጮህኩ። ለካ እስከዚያ ቀን ዝም ያልኩት ዓይን አፋር ስለሆንኩ ብቻ አልነበረም። የሚያስጮህ ኃጢአት አልነበረኝም።

እግዚአብሔርን በጩኸት ይቅርታ ጠየቅሁት። ጋሽ ደምሴን ግን አልቻልኩም። እሱ ሩቅ ነው፣ እሳቸው ቅርብ ናቸው። የምናገረውን ጽፌ በቃሌ አጠናሁ። «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።» የሽርሽሩ ቀን እላቸዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ሽርሽሩ ደረሰ። ሰዉ በወረቀት የፈረመውን አልረሳም። እትዬ ጥሩወርቅ ሁለት ድፎ ይዘዋል። ሰላጣው ሽንኩርት የለውም። ናሆም ስልሳ ሰው ለዘንዶው ክብር ምግብ ይዞ መጣ ብሎ ያምናል፤ እስካሁን አልነገርኩትም፣ ይህን ካነበባችሁ እናንተም አትንገሩት። ማንበብ አይችልም ብዬ ነው የምጽፈው። እትዬ ዘውዴን እንኳ ጋብዘናቸው መጡ፤ ዘንዶው ቢጫ ቆብ አድርጎ ሲያዩት፣ «ይኸው፣ ፈረሰኛውን ፈርቶ ነው ራሱን የሸፈነው» አሉ።

ዘንዶው ሥር ስንደርስ ግን ሁላችንም ቆምን። ከመግቢያው ጎን አዲስ ሰሌዳ ተተክሏል። ነጭ፣ ትልቅ። አፉ ውስጥ ቆሞ ፎቶ የሚነሣ ሰው ሁሉ ሰሌዳውም አብሮት ይነሣል፤ አገር ቤትም አብሮት ይሄዳል። በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ «ያለ ዘንዶው ልቤ በረዶ ይሆናል» ይላል። ከሥሩ፣ «ደምሴ፣ የዘንዶው ወዳጅ»።

ማንም አልሳቀም። እየፈለገ አልሳቀም። ከኋላችን ጋሽ ደምሴ መጡ። ሁለት ከረጢት በረዶ በሁለት ትከሻቸው ተሸክመዋል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ከሚሉ ሰዎች ናቸው፤ አመጣለሁ ብለው ፈርመዋል፣ አመጡ። በረዶው እየቀለጠ ጀርባቸው ላይ ይወርዳል።

ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ሰሌዳውን አነበቡት። ቀስ ብለው፣ እንደ ተማሪ ወረቀት። ያጠናሁትን ለመናገር ወደ ፊት ቀረብኩ። አፌን ከፈትኩ። «ጋሼ...» አልኩ፣ የቀረው ጠፋኝ።

ጋሽ ደምሴ በረዶውን መሬት አስቀመጡ። እጃቸውን በሱሪያቸው አደረቁ። ከደረት ኪሳቸው ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ። እኔን አዩ፣ ሰሌዳውን አዩ። ከዚያ ከእንግሊዝኛው ሥር፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው፣ በአማርኛ፣

«ሁለት ከረጢት።»

ብለው ጻፉ። አራት ነጥቡን ሳይቀር አደረጉበት። እስክሪብቷቸውን ከደኑ፣ ከረጢቶቻቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ፣ ወደ ምግቡ ጠረጴዛ ሄዱ።